የእትዬ ቁና፦ የአክስቴን ታሪክ ስሰበስብ ያሳለፍኳቸው አርባ ቀናት

በጥር 2011 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ጥምቀት ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ የአባቴ ታላቅ እህት በመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የገጠር ቀበሌ ዐረፈች። ወሬው አዲስ አበባ የደረሰን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ስለነበር መኪና ተከራይተን ሌሊቱን በደብረ ብርሃን በኩል ወጣን። ከቤተሰቡ ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩት የመጀመሪያው ሰው እኔ በመሆኔ፣ በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የመጻፉ ሥራ ማንም ሳያማክረኝ ለእኔ ተተወ። ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ በስልኬ መብራት ግማሽ ገጽ ጻፍኩ። ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ የተጣላ አስታራቂ፤ አንድም የቀረ ቃል አልነበረም። ዕድሜዋንም 82 ብዬ ገመትኩ።

በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጽሑፉ ሲነበብ ሰው በጨዋነት አዳመጠ፤ እንባ ያነቀው ግን አላየሁም። ከዚያ አንዲት በዕድሜ የገፉ የአካባቢው አልቃሽ ነጠላቸውን አደግድገው ተነሡና እንዲህ የሚል ሙሾ አወረዱ፦

ሲሰጥ የሚከምር፣ ሲቀበል የሚጠርግ፣
ያን እጅ አፈር በላው፣ ያገሬን ማዕረግ።

ግቢው በአንድ ጊዜ ተናወጠ። ወንዶቹ ሳይቀሩ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። እኔ ግን አብሬ ባለቅስም ስንኙ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ስለ ገዛ አክስቴ የጻፍኩት ግማሽ ገጽ ለማንኛዋም አሮጊት የሚሆን ሲሆን፣ እኒያ ሴት በሁለት መስመር የተናገሩት ግን ለእርሷ ብቻ የሚሆን ነበር። በዚያው ዕለት፣ እስከ አርባዋ ድረስ ታሪኳን በወጉ ሰብስቤ በተዝካሯ ላይ ሌላ ጽሑፍ ለማንበብ ወሰንኩ። የሠራኋቸው ስህተቶች ብዙ ናቸው፤ ይህን የምጽፈውም በገጠር የቀረ የሚወዱት ዘመድ ያላቸው ሰዎች እኔ የባከንኩትን ያህል እንዳይባክኑ ነው።

አክስቴን ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላት። አባቴ እንደ ታላቅ እህቱ እትዬ ሲላት ሰምተን እኛ ልጆቹ ያዝነው፤ ከእኛ ደግሞ ጎረቤቱ ያዘው። አንቱ ስንላት «ምነው፣ ተጣላን እንዴ?» ትል ስለነበር አንቺ እንዳልናት ኖረች፤ እዚህም እንደዚያው ብጽፋት ቅር የምትሰኝ አይመስለኝም።

የሙሾውን ምሥጢር የነገሩኝ በሰልስቱ ማግስት ከቤቷ በታች የሚኖሩ አንድ አባት ናቸው። ነገሩን ለመረዳት የመንዝን የእርሻ ወራት ማወቅ ያስፈልጋል። አገሩ ደጋ ነው፤ ዋናው እህል ገብስ ነው። የበልጉ ዝናብ በየካቲትና በመጋቢት በጊዜው ከጣለ በሰኔና በሐምሌ ገብስ ይታጨዳል፤ በልጉ ከከሸፈ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ የሚደርሰው የመኸር እህል እስኪሰበሰብ ድረስ ክረምቱ በሙሉ ባዶ ነው። የመኸሩም ቢሆን ውርጭ ከመታው ገለባ ብቻ ይቀራል። በነሐሴ ጎታው የተሟጠጠበት ሰው እህል ካለው ቤት በቁና ይበደራል፤ አበዳሪው አራጣ የሚጥል ከሆነ አንዱ ቁና በታኅሣሥ አንድ ተኩል ወይም ሁለት ሆኖ ይመለሳል።

እትዬ ስታበድር ቁናውን ትከምረዋለች። ከጠርዙ በላይ እንደ ቁልል ሆኖ፣ ፍሬው በጎኑ መንሸራተት እስኪጀምር ድረስ ገብሱን በሁለት እጇ ታፍስበታለች፤ ከዚያ ሳታናውጠው ወደ ተበዳሪው ስልቻ ትገለብጠዋለች። ያ ሰው በታኅሣሥ ሊመልስ ሲመጣ በፋንታው ከምሮ ይሰፍርላታል። እርሷ ታዲያ የቀኝ መዳፏን በጠርዙ ላይ አድርጋ ከወዲህ ወዲያ አንድ ጊዜ ትስበዋለች፤ ክምሩ ተመልሶ ወደ ሰውየው ስልቻ ይወርዳል። «የማይሞላ ነገር እንዳታስለምዱኝ፤ ልክ ልኩን ነው የምወደው» ትል ነበር አሉኝ፤ የማያውቃት ሰው ይህን ሰምቶ ልክ የምታበዛ ነጭናጫ አድርጎ ቢቆጥራት አይፈረድበትም። ተበዳሪው ግን ከወሰደው ያነሰ መልሶ እንደሚሄድ ያውቃል፤ እርሷም እንደሚያውቅ ታውቃለች፤ ሁለቱም ስለዚህ ጉዳይ ቃል አይተነፍሱም። እኒያ አባት ይህን ሲነግሩኝ በአየር ላይ መዳፋቸውን ከወዲህ ወዲያ ሳቡ፤ እኔም በልጅነቴ ያንን የእጅ እንቅስቃሴ ደጋግሜ አይቼ ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ ማለፌ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

ወደ ስህተቶቼ ልመለስ። የመጀመሪያው ጥያቄዬ ራሱ ስህተት ነበር። በየቤቱ እየገባሁ «እትዬ ምን አድርጋልዎታለች?» እያልኩ ጠየቅሁ። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ምን ያላደረገችው አለ፣ ልጄ፤ ነፍሷን በገነት ያኑርልን»፤ ከዚያ ጸጥታ። ቆይቶ እንደገባኝ፣ ያ ጥያቄ ሰውየውን ተቀባይ አድርጎ የሚያስቀምጥ፣ ችግሩንም በእንግዳ ፊት እንዲዘረዝር የሚያስገድድ ነው። የመንዝ ሰው ረሀቡን ለማንም አያወራም። ስለዚህ ጥያቄውን ለወጥኩት፦ «በዚያ ቤት መጨረሻ የበሉት ምን ነበር?» «መደቡ ላይ የትኛው ጥግ ነበር የሚቀመጡት?» «ውሻዋ ማንን ነበር የማይጮህበት?» በዚህ ጊዜ በሩ ተከፈተ። አንዲት እናት ስለ አንድ ሳህን የገብስ ቅንጬ መናገር ጀምረው፣ ቅንጬውን የበሉት ባላቸው በሞተ በሳምንቱ እንደነበር፣ እትዬም «ብይ» ብቻ ብላ አጠገባቸው ተቀምጣ ሱፍ ስትፈትል እንዳመሸች ነገሩኝ። ይህን ያለ ቅንጬው ባገኘው ነበር ብዬ አላስብም።

ሁለተኛው ስህተቴ ቤተሰቡን ብቻ መጠየቄ ነበር። ዘመድ ስለ ዘመዱ የሚያወራው የለመደውን ነው። ብዙ ያገኘሁት በልጅነታቸው በጎቿን ከሚጠብቁ ልጆች (ዛሬ ጎልማሶች ናቸው)፣ ከወፍጮ ቤቱ ሰው፣ አብረዋት ሰንበቴ ከሚጠጡ ሴቶችና ስለ ተዝካሩ ሊነጋገሩ ከመጡት የነፍስ አባቷ ነው። ከእርሳቸው ጋር ስነጋገር ንስሓን የሚመለከት ነገር እንደማልጠይቅ አስቀድሜ ተናገርኩ፤ እርሳቸውም በዚያ ደስ ብሏቸው የበዓላቱን ወግ አጫወቱኝ።

መቅረጫውን በተመለከተ፣ ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አውጥቼ ባስቀመጥኩባቸው ቤቶች ሁሉ ሰው እንደ ስብሰባ ተናጋሪ ይሆንብኝ ነበር። ስለዚህ አስቀድሜ ፈቃድ እጠይቅና፣ እሺ ካሉኝ ስልኩን በፊቱ ደፍቼ ከረከቦቱ አጠገብ አኖረዋለሁ። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ምንም አልጠይቅም። መብራት በሌለበት ቤት ባትሪው እንዳያልቅብኝ ሥዕል ሳይሆን ድምፅ ብቻ እቀዳ ነበር። ማታ ማታ ደግሞ የሰማሁትን በደብተር ላይ፣ የተናጋሪውን አባባል ሳላስተካክል እገለብጣለሁ። በኋላ እንዳየሁት፣ እኔ ወደ ደህና አማርኛ ያስተካከልኳቸው ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ የሞቱ ሲሆኑ፣ ሳልነካቸው ያለፍኳቸው ናቸው ዛሬም ድምፅ ያላቸው።

የዕድሜዋ ነገር ብዙ አስለፋኝ። በዚያ ዘመን የተወለደ የገጠር ሰው የልደት ቀን የለውም፤ በይዞታ ማረጋገጫ ደብተሯ ላይ የሰፈረው ዕድሜም መዝጋቢው በዓይኑ መዝኖ የጻፈው ነው። የሚሻለው መንገድ ሕይወቷን ሰው በሚያስታውሳቸው ክስተቶች ላይ ማሰር ሆኖ አገኘሁት። የተዳረችው «የታኅሣሥ ግርግር» በሆነበት ዓመት፣ ማለትም በ1953 ዓ.ም.፣ ገና በአሥራ ሦስት ወይም በአሥራ አራት ዓመቷ ነበር። የካቲት 1967 የመሬቱ አዋጅ ሲታወጅ ሁለት ልጆች ነበሯት። መሠረተ ትምህርት በ1971 ሲጀመር ሦስተኛውን ታቅፋ ፊደል ቆጥራለች። ይህን ሁሉ ደምሬ ስቀንስ ስትሞት ሰባ ሁለት ዓመት ገደማ ነበረች። በቀብሯ ላይ በድምፅ ማጉያ አሥር ዓመት ጨምሬባት ነበር ማለት ነው፤ የሰማ ሁሉ ስህተቱን ቢያውቅም በሐዘን ቤት እርማት አይሰጥምና ዝም ብሎኛል።

ፎቶግራፏን በምንፈልግበት ጊዜም ሌላ ነገር ገጠመን። እትዬ በሕይወቷ ሙሉ ብቻዋን የተነሣችው ፎቶ አንድ ነው፤ እርሱም በመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ ከባሏ ፎቶ ጎን የተለጠፈው ነው። አንድ የአጎቴ ልጅ በምላጭ ፍቆ አውጥቶ ስቱዲዮ ወስዶ ሊያሳድገው ተነሥቶ ነበር። ደብተሩ ወራሾች በቀበሌ የሚቀርቡበት ሕጋዊ ሰነድ ስለሆነ ፈጽሞ እንዳይነካ ለመንኩት። ከዚያ ደብተሩን ረፋድ ላይ በር ላይ ወስደን፣ ፀሐይ በቀጥታ ሳታርፍበት፣ በስልክ ከላይ ቀጥ አድርገን አነሣነው፤ ሲያድግ የሚያሳፍር አልሆነም። ፎቶው ላይ አትስቅም። ድምፅዋ ደግሞ የተገኘው በአንድ ሠርግ ቪዲዮ ውስጥ ነው፤ ካሜራው ሙሽሮቹን ሲያሳይ ከጀርባ «ብሉ እንጂ፣ ምን ታያላችሁ» የሚል ድምፅ ይሰማል። እርሷ ናት። ከዚህ ሌላ የለንም። ዘመድዎ በሕይወት ካለ፣ የሚመችዎት ቀን እስኪመጣ ሳይጠብቁ በሚቀጥለው ስልክ ላይ ድምፁን ያስቀሩ።

ስለ ባናው ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የመንዝ በግ ሱፉ ሻካራ ነው፤ ሴቶች ይፈትሉታል፣ ወንዶች ይሸምኑታል፤ ከዚያም የሚወጣው ባና ለአገሩ ብርድ የተሠራ ነው። እትዬ ከቤተሰቡ ልጅ ለትምህርት ወደ ከተማ በወጣ ቁጥር ለአንድ ባና የሚሆን ሱፍ ትፈትል ነበር። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ለመማር ደብረ ብርሃን ስገባ የሰጠችኝ ጥቁርና ቡናማ ነበር፤ የጢስና የበግ ላብ ይሸት ነበር። በየሁለት ሳምንቱ ከስንቄ ጋር፣ ከበሶውና ከቆሎው ጋር፣ አዲስ የጢስ ሽታ ይመጣ ነበር። አብረውኝ ቤት የተከራዩት ልጆች የፋብሪካ ብርድ ልብስ ነበራቸው፤ ከተማዋ ብርድ ልብስ የሚመረትባት መሆኗ ደግሞ ኀፍረቴን አባሰው። ባናውን ቀን ቀን አጥፌ ከፍራሹ ሥር እደብቀውና መብራት ሲጠፋ እለብሰው ነበር። አንድ ኅዳር ሌሊት ውርጩ በመስኮቱ ላይ ነጭ ሆኖ ሲጋገር፣ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ያለው ጓደኛዬ ምንም ሳይናገር መጥቶ ከሥሩ ገባ። ይህን ለእትዬ ነግሬያት አላውቅም። አሁን ባናው አዲስ አበባ ቤቴ አለ፤ ሽታው ግን ለቋል፣ በማሽን አጥበነው።

አንዳንድ ሰው ትዝታ ሲሰበስብ መልካሙን ብቻ ይለቅማል። እኔም እንደዚያ ልሠራ ነበር፤ የሞተ ሰው አይወቀስም የሚለው ወግ የታወቀ ነው። ነገር ግን ከቤት ያልወጣችው ልጇ፣ እስከ መጨረሻው ያስታመመቻት፣ አንድ ምሽት ምጣድ እያሰሰች የተናገረችው ከጆሮዬ አልወጣም። «ለሰው ስትከምር የእኛን ነበር የምትጠርገው» አለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር ልጆቹ ቆሎ ይዘው ወደ ውጭ ይላኩ ነበር፤ እንጀራው ለእንግዳ ነበር። በ1977ቱ ረሀብ ጊዜ ቤት ሲመጣ የነበረው ሰው እንዳይመለስ ብላ ለዘር የተቀመጠውን ገብስ ጭምር አውጥታ ማካፈሏን ሰው ሁሉ በአድናቆት ይተርካል፤ ልጇ የምታስታውሰው ግን በተከታዩ ዓመት ዘር ለመግዛት ላሟ መሸጧንና ታናሽ ወንድሟ ወተት ማጣቱን ነው። ይህን ከደብተሬ ልሰርዘው ነበር፤ አሁን ሳስበው ከጻፍኩት ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ይመስለኛል። የእትዬ ደግነት ዋጋ ነበረው፤ ዋጋውንም እርሷ ብቻዋን አልከፈለችም። ይህን የማይጽፍ የሕይወት ታሪክ የልጆቿን ድርሻ ይሰርቃል።

ያው ልጇ ናት ስለ ግድግዳው የነገረችኝ። እትዬ በመሠረተ ትምህርት ስሟን መጻፍ ብትማርም የብድር መዝገብ ይዛ አታውቅም፤ ሁሉም ሰው በቃሏ የምትይዘው ይመስለው ነበር። በጓዳው ውስጥ፣ ከጎታው ኋላ፣ እጅ እንጂ ዓይን በማይደርስበት ግድግዳ ላይ ግን በከሰል የተጫሩ መስመሮች ነበሩ፤ አንዱ መስመር አንድ ቁና ነው፣ የተመለሰው ይሰረዛል። የማን እንደሆነ የምታውቀው በመስመሮቹ ቦታ ነው። ከመሞቷ ሁለት ወር በፊት፣ በኅዳር፣ መቆም ሲያቅታት፣ ጎታውን ፈቀቅ አስደርጋ ያንን ግድግዳ በእበት አስለቀለቀችው። ልጇ የበዓል ጽዳት መስሏት ለቀለቀችው። ስንት ያልተሰረዘ መስመር እንደነበር አልቆጠረችም። እኔም የእበቱን ግድግዳ በእጄ ዳሰስኩት፤ ልሙጥ ነው፣ ምንም የለም።

ጅዳ በቤት ሠራተኝነት የምትኖረው የልጅ ልጇ ለቀብሩ መምጣት አልቻለችም፤ አሠሪዎቿ ፓስፖርቷን ይዘውት ነበር። በውጭ ያሉ ዘመዶችን ገንዘብ ብቻ መጠየቅ በቤተሰባችን የተለመደ ሆኗል፤ በዚህኛው ግን ማታ ማታ ደውዬ ስለ እትዬ እንድታወራ አደረግኋት። ስትሄድ በሶ በጨርቅ ቋጥራ ሰጥታት ነበር። «በሶውን ደብረ ብርሃን ሳንደርስ ጨረስኩት፣ ጨርቁን ግን እዚህ ትራሴ ውስጥ ነው ያለው» አለችኝ። ያንን ድምፅ በተዝካሩ ዕለት ለእናቷ አሰማኋት።

ተዝካሩ የዋለው ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ነበር። ስለ ድግሱ ብዛት የተነሣውን ክርክር እዘለዋለሁ፤ የትም ቤተሰብ ያለ ነው። ቄሶቹ ጸሎቱን ጨርሰው ሰው በልቶ ሲረጋጋ፣ አራት ገጽ ይዤ ተነሣሁ። በዚህኛው ጽሑፍ ውስጥ ደግ የሚለው ቃል አንድም ቦታ አልነበረም። ቁናው ነበር፣ ቅንጬው ነበር፣ ከጣሪያው የጓሳ ሣር ተነሥቶ ቆርቆሮ ሲለብስ «ዝናብ ሲመጣ የእንግዳ ድምፅ አያሰማኝም» ብላ ማጉረምረሟ ነበር፣ የተሸጠችው ላምም ነበረች። ገና ግማሹን ሳላነብ ሰዎች ጣልቃ መግባት ጀመሩ። «ላሟ ቡሬ አልነበረችም፣ ቦራ ናት!» «ሣሩ የተነሣው እርሷ ከታመመች በኋላ አይደለም፣ በፊት ነው!» አንድ ሽማግሌ ተነሥተው እኔ የጻፍኩትን ሙሉ አንቀጽ አፍርሰው በራሳቸው መንገድ ተረኩት። በሐዘን ቤት እርማት አይሰጥም ያልኩትን ልብ ይበሉ፤ በቀብሩ ዕለት አሥር ዓመት ስጨምር ዝም ያለኝ ሰው ሁሉ ስለ አንዲት ላም ግንባር ይሟገት ነበር። እስክሪብቶዬን አውጥቼ በጽሑፉ ኅዳግ ላይ መጻፍ ያዝኩ፤ ንባቡን አልጨረስኩትም።

ሰው መበተን ሲጀምር አንድ ጎልማሳ ስልቻ ተሸክሞ ወደ ጓዳው ገባ። ሁለት ቁና ገብስ አለብኝ አለ። ልጇ፣ ግድግዳው መለቅለቁን፣ እናቷም ዕዳ እንዳለ አንድም ቃል እንዳልተናገረች ነገረችው። እርሱም «እኔ ግን አውቀዋለሁ» ብሎ ጠርዟ በቆዳ የተለበጠችውን የእትዬን ቁና ከግድግዳው አውርዶ ከምሮ ሰፈረ። በጓዳው በር ላይ የቆምን ሁሉ የልጇን እጅ እናይ ነበር። እርሷ ቁናውን ከነክምሩ አንሥታ ወደ ጎታው ገለበጠችው። ሁለተኛውንም እንደዚያው።

ይህን በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ እንዳየሁት ጻፍኩት። ደብተሩን ለዘመድ ለማደል ፎቶ ኮፒ ልናደርገው ስንል የዚያች ልጇ ታላቅ እህት ያ ገጽ ይውጣ ትላለች፤ ገብሱን የገለበጠችው ልጇ ራሷ ግን ይቆይ ትላለች። እስካሁን አልተስማሙም።